የሴንት ኪልዳ ባቡር ጣቢያ፦ በሩ ተዘግቶ ሐዲዱ እንዴት ቀጠለ?

አውስትራሊያ ሜልበርን ውስጥ በ96 ቁጥር ትራም ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ትራሙ በመሐል ከተማ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ሲሄድ ይቆይና ድንገት መኪና የማይደርስበት፣ ለብቻው የተከለለ መንገድ ውስጥ ይገባል። እንደ ቦይ በተቆፈረ መሬት ውስጥ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጎዳናዎቹ በድልድይ በላዩ ይሻገራሉ። በየፌርማታው አጠገብ ያረጁ የባቡር ጣቢያ ቤቶች አሉ። በመጨረሻም ፊትዝሮይ ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ ሕንፃ አጠገብ ብቅ ይልና ወደ ቀኝ ታጥፎ እንደገና የመንገድ ትራም ይሆናል።

ያ ሕንፃ የሴንት ኪልዳ ባቡር ጣቢያ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 13 ቀን 1857 ተከፍቶ፣ ከ130 ዓመት በኋላ ጁላይ 31 ቀን 1987 ተዘጋ (በእኛ ሐምሌ 24 ቀን 1979 መሆኑ ነው)። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለዚህ ጣቢያ ሲወራ ሁለት ነገር ይሰማል። አንዱ “ሰው ስለጠፋ ተዘጋ” የሚል ነው። ሌላው “አልተዘጋም፣ ባቡሩ ስሙ ተለውጦ ትራም ተባለ እንጂ” የሚል ነው። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገሩን ለመረዳት “ጣቢያ ተዘጋ” ሲባል በትክክል ምን ምን እንደሚቆም ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ለምን ተሠራ?

በ1851 በቪክቶሪያ ግዛት ወርቅ ሲገኝ መርከቦች ሰውና ዕቃ ጭነው ሜልበርንን አጥለቀለቋት። ችግሩ ግን መሐል ከተማውን የሚያቋርጠው የያራ ወንዝ ጥልቀት ስላልነበረው ትልልቅ መርከቦች ሊወጡበት አይችሉም ነበር። ሆብሰን ቤይ በተባለው የባሕር ወሽመጥ መልሕቃቸውን ጥለው ይቆማሉ፤ ዕቃው ወደ ትንንሽ ጀልባ ተገልብጦ ወንዙን ይወጣል። ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

አንድ የግል ኩባንያ ይህን ለማቃለል ከከተማው እስከ ወደቡ፣ ያኔ ሳንድሪጅ ዛሬ ፖርት ሜልበርን እስከሚባለው ቦታ ድረስ፣ ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ዘረጋ። መስከረም ወር ላይ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1854 ሥራ ጀመረ። በአውስትራሊያ ምድር በእንፋሎት የሄደ የመጀመሪያው ባቡር ይህ ነው። ከእንግሊዝ የታዘዙት ሎኮሞቲቮች በሰዓቱ ስላልደረሱ የመጀመሪያው እዚያው ሜልበርን ውስጥ ተሠርቶ ነው ሐዲዱ ላይ የወጣው።

የሴንት ኪልዳው መስመር የተገነጠለው ከዚህ ነው፤ ዓላማው ግን የተለየ ነበር። የወደቡ መስመር ዕቃ ለመጫን ተሠራ፤ የሴንት ኪልዳው ሰው ለመጫን። ሴንት ኪልዳ ያኔ ከከተማው ጭስና አቧራ ርቀው የባሕር አየር እየተነፈሱ መኖር የሚፈልጉ ባለ ገንዘቦች ቤት የሚሠሩበት ዳርቻ ነበረች። ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማታ ወደ ቤት፤ እሑድ ደግሞ በተቃራኒው የከተማው ሰው ወደ ባሕሩ። ሁለት ዓይነት መንገደኛ ነበረው፤ ኋላ ላይ ለተፈጠረው ችግር የራሱን ድርሻ ያደረገውም ይኸው ነው።

ለምን የመስመር መጨረሻ ሆኖ ቀረ?

መጀመሪያ ላይ እንዲያ እንዲሆን አልተፈለገም ነበር። በ1859 ሌላ ኩባንያ ከሴንት ኪልዳ ተነስቶ ወደ ዊንድዘርና ወደ ብራይተን የሚሄድ ሐዲድ ከፈተ። ሐዲዱ የሚያልፍበት መሬት ረግረግ ስለነበር በከፊል አፈር ተደልድሎ፣ በከፊል በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ድልድይ ተሠርቶለት ነው የተሻገረው። ከብራይተን የሚመጣ ባቡር ረግረጉን በእንጨት ድልድይ አልፎ ሴንት ኪልዳ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ከተማ ይዘልቃል።

ይህ የቆየው አንድ ዓመት ገደማ ነው። በ1860 መጨረሻ ሌላ ኩባንያ በፕራራን በኩል ከከተማው በቀጥታ ዊንድዘር የሚደርስ መስመር ጨረሰ። የብራይተን ሰው በሴንት ኪልዳ መዞሩን ተወው። የእንጨት ድልድዩ መስመር ከ1862 ጀምሮ ሥራ ፈታ፤ በ1867 ተነቀለ። በዚያን ጊዜ ማንም ብዙ አላዘነም። ነገር ግን ሴንት ኪልዳ ባቡር ገብቶ የሚያልፍበት ጣቢያ መሆኑ ያኔ አበቃ፤ ገብቶ የሚመለስበት ሆነ።

ይህን ልብ ይበሉ፤ በእኔ ግምት የ1987ቱን ውሳኔ ያቀለለው የ1862ቱ ነው። መሐል ላይ ያለ ጣቢያ ቢዘጋ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይቆረጣሉ። ጫፍ ላይ ያለ አጭር መስመር ግን ቢነካም የቀረው መረብ አይናጋም።

መጨረሻ ጣቢያ ላይ ባቡር እንዴት ይዞራል?

ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የጣቢያውን ስፋት፣ የሠራተኛውን ብዛትና በሰዓት ስንት ባቡር ማስተናገድ እንደሚቻል የሚወስነው ግን ይህ ነው።

በእንፋሎት ዘመን ሎኮሞቲቩ ከፊት ሆኖ ይጎትታል። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ከግድግዳው ጋር ይፋጠጣል፤ ፉርጎዎቹ ከኋላው ናቸው። ለመመለስ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መዞር አለበት። መጀመሪያ ሠራተኛ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው መካከል ገብቶ ማያያዣውን ይፈታል። ሎኮሞቲቩ የሐዲድ መቀየሪያውን እስኪያልፍ ጥቂት ሜትር ወደፊት ይገፋል፤ ለዚያ ብቻ የሚሆን ትርፍ ሐዲድ ከፊቱ መኖር አለበት። መቀየሪያው ይዞርለታል፤ ባዶ በሆነው በጎን ሐዲድ የባቡሩን ቁመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። ሌላ መቀየሪያ ይዞርና ወደ ዋናው ሐዲድ ተመልሶ በሌላኛው ጫፍ ይያያዛል። ፍሬኑ ይፈተሻል። ከዚያ በኋላ ነው ፊሽካ የሚነፋው። ይህ ሁሉ ሲሆን የጎኑ ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር ሊቆም አይችልም። አንዱ ፉርጎ በትክክል ሳይያያዝ ቢቀር ወይም መቀየሪያው ቢነክስ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ውጭ ተገትሮ ይጠብቃል።

በ1919 መስመሩ በኤሌክትሪክ መሥራት ሲጀምር ይህ ጣጣ በአንዴ ጠፋ። የኤሌክትሪክ ባቡር በሁለቱም ጫፍ የሹፌር ክፍል አለው። ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ፕላትፎርሙን በእግሩ ይሄድና ከወዲያኛው ጫፍ ያስነሳዋል። የጎን ሐዲድ አያስፈልግም፣ ድንጋይ ከሰልና ውሃ የሚሞላበት ቦታ አያስፈልግም።

ባሕር ዳር መሆኑ ይጠቅም ነበር ወይስ ይጎዳ?

ሁለቱንም። የሜልበርን ሙቀት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስለሆነ የአውሮፓውያኑ ገናና አዲስ ዓመት ማለት ባሕር ማለት ነው። በ1912 ሉና ፓርክ የተባለው መዝናኛ ባሕሩ ዳር ተከፈተ፤ ትልልቅ የዳንስና የፊልም አዳራሾችም ነበሩ። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚበቃ ባቡር፣ ፕላትፎርምና ሠራተኛ ግን ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ አለበት። ዝናብ በሚዘንብበት የጁላይ ማክሰኞ ቀትር ላይም ጣቢያው ይበራል፣ ይጠረጋል፣ ትኬት ቆራጩ ይከፈለዋል። ለጥምቀት ቀን ብቻ የሚሞላ ምግብ ቤት ዓመቱን ሙሉ ኪራይ እንደሚከፍል ማለት ነው።

ተፎካካሪም ነበረው። ከ1888 ጀምሮ በመንገድ ሥር በሚሮጥ የብረት ገመድ የሚጎተት ትራም ወደ ሴንት ኪልዳ መውረድ ጀመረ፤ በ1920ዎቹ አጋማሽ ያ ትራም ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። ባቡሩ ይፈጥናል፤ ትራሙ ግን ደጅ ላይ ያወርዳል። የባቡር ጣቢያው ከውሃው ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ልጅ ታቅፎ፣ ፎጣና ምግብ ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ይህ ርቀት ትንሽ አይደለም።

የባቡር መሥሪያ ቤቱም ዝም ብሎ አልተመለከተም። በ1906 ከጣቢያው ደጃፍ ተነስቶ ወደ ብራይተን የሚሄድ የራሱን የኤሌክትሪክ ትራም ከፈተ። የሚገርመው ትራሙን የሠራው በባቡሩ ሐዲድ ስፋት፣ በ1600 ሚሊሜትር ነው። የከተማው ሌሎች ትራሞች ደግሞ 1435 ናቸው። ስለዚህ ይህ ትራም ከሌሎቹ ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ኖሮ፣ ከ1957 እስከ 1959 ደረጃ በደረጃ ተዘጋ።

ታዲያ ለምን ተዘጋ?

በ1980 ለግዛቱ መንግሥት የቀረበ አንድ የትራንስፖርት ጥናት፣ በሰብሳቢው ስም የሎኒ ሪፖርት የሚባለው፣ በሜልበርን ዙሪያ ያሉ በርካታ የባቡር መስመሮች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። ሴንት ኪልዳና ፖርት ሜልበርን ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ሳንድሪንግሃም፣ አልታና፣ ዊሊያምስታውን፣ አላሜይንም እንዲሁ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ዛሬም ባቡር አላቸው።

የሴንት ኪልዳና የፖርት ሜልበርን መስመሮች ግን ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር ነበር። አጫጭር ናቸው፤ ለመሐል ከተማው እጅግ ይቀርባሉ፤ ከነሱ ወዲያ የሚሄድ ባቡር የለም፤ የከተማው ትራም ሐዲድም አጠገባቸው ደርሷል። ባቡሩን ጠብቆ ለማቆየት ወጪ አለ፤ ነቅሎ ለመጣል ደግሞ የሕዝብ ቁጣ አለ። መንግሥት የመረጠው መካከለኛውን ነው፤ መንገዱን ትቶ ተሽከርካሪውን መለወጥ። ባቡሩ ጁላይ 31 ቆመ፤ ኖቬምበር 20 ቀን 1987 ትራም ጀመረ። 112 ቀን መሆኑ ነው። የፖርት ሜልበርኑ መስመርም ኦክቶበር ላይ ተዘግቶ በዲሴምበር 18 እንደ ትራም ተከፈተ።

አዲስ አበባ ውስጥ “ቀላል ባቡር” የምንለው ይህንኑ ዓይነት ነገር ነው፤ ትራም ነው፣ ግን ከመኪና የተለየ የራሱ መንገድ አለው።

ባቡርን ወደ ትራም መለወጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም በሐዲድ ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ስለሆነ “ባቡሩን አንስቶ ትራም ማስቀመጥ ነው” ይመስላል። ዕዳው ያለው ከሥር ነው።

የመጀመሪያው የሐዲዱ ስፋት ነው፤ በሁለቱ ብረቶች ውስጣዊ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት። የቪክቶሪያ ባቡር 1600 ሚሊሜትር የሆነው አየርላንዳዊ በነበረ አንድ መሐንዲስ ሳቢያ ነው። ይህ ሰው የጎረቤቱ ግዛት የኒው ሳውዝ ዌልስ መሐንዲስ ሳለ የአገሩን የአየርላንድን ስፋት መከረ፤ ቪክቶሪያም ተስማምታ ዕቃውን አዘዘች። እሱ ሥራውን ሲለቅ ተተኪው የኒው ሳውዝ ዌልስን ወደ 1435 መለሰው። ቪክቶሪያ ግን ያዘዘችው እየመጣ ስለነበር በ1600 ቀጠለች። (ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የድሮው የጅቡቲ መስመር 1000 ሚሊሜትር፣ አዲሱ 1435 ስለሆነ ነው የለገሃር ሐዲድ ለአዲሱ ባቡር ያልሆነው።)

ከ1600 ወደ 1435 ለመምጣት ሐዲዱ በ165 ሚሊሜትር መጥበብ አለበት። አንዱን ብረት ብቻ አስጠግቶ መግጠም ቀላል ይመስላል። እንዲያ ሲደረግ ግን የተሽከርካሪው መሐል 82.5 ሚሊሜትር ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ከላይ ያለው ሽቦም ከመሐሉ ይወጣል፣ በአንድ በኩል ያለው የፕላትፎርም ጠርዝም ይርቃል። ሁለቱንም ብረቶች እኩል ማስጠጋት መሐሉን ይጠብቃል፤ ሥራው ግን እጥፍ ነው፣ ብረቶቹ በተኙበት በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ ሁለት ጊዜ መንቀልና መግጠም ይጠይቃል። የሐዲድ መቀየሪያዎች ደግሞ እንዲሁ አይጠጉም፤ ከነአካላቸው ወጥተው በሌላ ይተካሉ።

መቀየሪያው የሚተካበት ሌላም ምክንያት አለ። የባቡር የብረት ጎማ በውስጥ በኩል ከሐዲዱ እንዳይወርድ የሚይዘው ከንፈር አለው። የባቡር ከንፈር ወፍራምና ረጅም፣ የትራም ግን አጭርና ቀጭን ነው፤ ምክንያቱም ትራም በአስፋልት መሐል በተቀበረ ሐዲድ ላይ ባለች ጠባብ ቦይ ውስጥ መሄድ አለበት። ቦይዋ ብትሰፋ የብስክሌት ጎማ ይገባባታል። የባቡር ጎማ በዚያች ቦይ አይገባም፤ የትራም ጎማም ለባቡር በተሠራ ሰፊ የመቀየሪያ ክፍተት ላይ ሲያልፍ ሊንገጫገጭ፣ ሲብስም ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የሜልበርን ባቡር በ1500 ቮልት፣ ትራሙ በ600 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራል (የአዲስ አበባው 750 ነው)። ቮልት በቧንቧ ውስጥ ውሃውን እንደሚገፋው ግፊት፣ አምፔር ደግሞ እንደሚፈሰው ውሃ መጠን ይቆጠር። ግፊቱ ሲቀንስ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ውሃ መፍሰስ አለበት። 300 ኪሎዋት ለማግኘት በ1500 ቮልት 200 አምፔር ሲበቃ፣ በ600 ቮልት 500 አምፔር ይፈልጋል። በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ በዚያው ሽቦ ብክነቱ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቮልት የሚሠራ መስመር ኃይል ማከፋፈያዎቹ ተቀራርበው መተከል አለባቸው። የተራራቁ እንደሆነ ከማከፋፈያው ራቅ ያለ ትራም ሲነሳ ጉልበት ያጥረዋል። በዚህ መስመር ላይ የሚረዳው ትራም ከባቡር በጣም ቀላል መሆኑ ነው።

ሦስተኛው መሳፈሪያው ነው። የባቡር ፕላትፎርም ከሐዲዱ ከ1 ሜትር በላይ ይነሳል፤ መንገደኛው ደረጃ ሳይወጣ እንዲገባ። የ1987 ትራም ግን የራሱ ደረጃ ስለነበረው ሰው ከመሬት ወይም ከዝቅተኛ መድረክ ነው የሚሳፈረው። ስለዚህ በአሮጌዎቹ ጣቢያዎች ዝቅተኛ መሳፈሪያ ተሠራ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወለሉ ዝቅ ያለ ትራም መጣ፤ ከ2013 ጀምሮ በ96 ላይ የሚሄደው ከ33 ሜትር በላይ የሚረዝም ትራም እንዲህ ያለ ነው። ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃን ጋሪ ያለ ደረጃ እንዲገባ መሳፈሪያው ከትራሙ ወለል ጋር መስተካከል አለበት፤ ስለዚህ መሳፈሪያዎቹ እንደገና ተነክተዋል። አንድ ፌርማታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው የሦስት ዘመን ከፍታ አንድ ላይ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ።

ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ?

ባቡሩ የሚገባው ፍሊንደርስ ጎዳና ትልቁ ጣቢያ ነበር፤ ከዚያ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደ ሌላ መስመር ይቀየራል። ትራሙ በክላረንደን ጎዳና በኩል ከድሮው ሐዲድ ወጥቶ በስፔንሰርና በቡርክ ጎዳናዎች ያልፋል። ገበያና መሥሪያ ቤት ለሚሄድ ሰው የበለጠ ደጁ ድረስ ያደርሰዋል፤ በፍሊንደርስ በኩል ወደ ሌላ ባቡር ይቀይር የነበረ ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ጉዞ ተጨምሮበታል። ደግሞም መሐል ከተማ ውስጥ ትራሙ መብራት ይጠብቃል፤ ባቡሩ አይጠብቅም ነበር።

በሌላኛው ጫፍ ግን ትርፉ ግልጽ ነው። ባቡር ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል፤ በፊትዝሮይ ጎዳና ጥግ ላይ መቼም ሊታጠፍ አይችልም ነበር። ትራም 20 ሜትር አካባቢ በሆነ ክብ ይዞራል። ስለዚህ ከ1862 ወዲህ ግድግዳ ሆኖ የቆየው ጫፍ ተከፍቶ፣ መስመሩ በባሕሩ ዳር መንገድ አልፎ ሉና ፓርክ አጠገብ እስካለው አክላንድ ጎዳና ደረሰ።

ያለ ሥራ የቀረው ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ነው። ሳንድሪጅ ድልድይ በ1888 የተሠራ የብረት ድልድይ ሲሆን ወንዙን አግድሞ፣ በሰያፍ ያቋርጣል። ከ1987 በኋላ ለዓመታት ዝም ብሎ ቆሞ በ2006 ለእግረኛ ተከፈተ። ዛሬ ላዩ ላይ ትልልቅ የብረት ቅርጾችና ወደ ቪክቶሪያ የመጡ ስደተኞችን አገር የሚዘረዝሩ የመስታወት ሰሌዳዎች አሉ።

ሕንፃውስ?

በቪክቶሪያ ካሉት ጥንታዊ የባቡር ጣቢያ ሕንፃዎች አንዱ ስለሆነ በቅርስነት ተመዝግቧል። ያ ግን ወዲያው አላዳነውም፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ባዶውን ቀርቶ ተጎሳቁሎ ነበር። ቅርስ ተብሎ መመዝገብ ማፍረስን ይከለክላል እንጂ ጣሪያ አይጠግንም። ኋላ ታድሶ ሱቅና ምግብ ቤት ገባበት። በመስመሩ ላይ ያሉት የሳውዝ ሜልበርን፣ የአልበርት ፓርክና የሚድል ፓርክ ጣቢያ ቤቶችም ቆመዋል፤ ካፌ የተከፈተባቸውም አሉ።

ቦታውን ማየት የሚፈልግ ሰው ከሳውዝ ሜልበርን ፌርማታ ጀምሮ በመስኮት ይመልከት። የሰፈሩ ጎዳናዎች ከላይ በድልድይ የሚያልፉት፣ መሬቱ እንደ ቦይ የተቆፈረው ለባቡር ተብሎ ነው። ሴንት ኪልዳ ሲደርስ ደግሞ ከመታጠፊያው በፊት ይውረድና ከሕንፃው ጎን ይቁም። ትራሙ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ጎማው ሲያፏጭ ይሰማል፤ ባቡሩ ወደ ፊት መሄድ አቅቶት የሚቆመው ልክ እዚህ ጋ ነበር።